የአባት በደል፣ የልጅ ሕመም፦ መሐሪው አምላክ ዕዳ ይሰበስባል?

ጥያቄው፦

«ዘጸአት 34 ላይ እግዚአብሔር መሐሪና ታጋሽ ነው ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ በልጆች ላይ ያመጣል ይላል። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። በሕይወት ሳለ በሐሰት ምስክር የሟች ወንድሙን ልጆች መሬት ወስዷል፤ ይህን አገር ያውቀዋል። አሁን ልጄን የሚጥል በሽታ ይዞታል። አንዲት አክስቴ ‹የአባትሽ ዕዳ ነው፤ እግዜር አይረሳም› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እግዚአብሔር መሐሪ ከሆነ ይህ ምንድን ነው? ፍርዱ ነው ከተባለስ ልጄ ምን አጠፋ? ምሕረቱና ፍርዱ እንዴት ይታረቃሉ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። የልጅሽ ሕመም የአባትሽ ዕዳ ነው የሚል ፍርድ ከዚያ ጥቅስ አይወጣም። አክስትሽ ቃሉን በትክክል ጠቅሳ ይሆናል። ቃሉ ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተነገረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብሉይ ኪዳን የማስተምር ሰው ነኝና እንግዲህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ትዕግሥት ይስጥሽ።

ከቦታው እንጀምር። ዘጸአት 34 ከሁለት ምዕራፍ በፊት በተፈጸመ ነገር ላይ የቆመ ነው። ሕዝቡ ከግብፅ ወጥቶ በሲና ተራራ ሥር ቃል ኪዳን ገብቷል። ሙሴ ተራራው ላይ 40 ቀን ሲቆይ፣ ታች ያሉት ወርቃቸውን አዋጥተው ጥጃ ሠሩ። ሙሴ ወርዶ ጽላቱን ሰበረ። በዚያ ቀን ሦስት ሺህ ያህል ሰው በሰይፍ እንደወደቀ ተጽፏል። በማግስቱ ሙሴ ተመልሶ ወጣና «ይቅር በላቸው፤ ካልሆነ እኔን ከጻፍኸው መጽሐፍ ደምስሰኝ» አለ። እንግዲህ «መሐሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ታጋሽ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሙሴ ሁለት አዳዲስ ጽላት ጠርቦ ተራራው ላይ ቆሟል። እግዚአብሔር ማንነቱን የሚናገረው ኪዳናቸውን በገዛ እጃቸው ላፈረሱ ሰዎች ነው።

ስለዚህ የጥቅሱ መጀመሪያ ለጌጥ የገባ አይደለም። በደለኛውን ከቶ አላነጻም የሚለው ሁለተኛው ክፍልም ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። ጥጃው አልተሠራም፣ ምንም አልሆነም ብዬ አላልፍም ማለቱ ነው። ሚዛኑንም ተመልከቺ፦ ቸርነቱ እስከ ሺህ ትውልድ፣ ቅጣቱ እስከ ሦስትና አራት።

ይህ «ሦስትና አራት» ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በዘመኑ እስራኤል አንድ ቤተሰብ ማለት አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ሲታደል ደግሞ የልጅ ልጅ ልጆች በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ነው። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች አገላለጹን ከዚህ ኑሮ ጋር ያያይዙታል። የቤቱ ራስ ሲያጠፋ መዘዙ በዚያ ግቢ ያለውን ሁሉ ይነካል። ይህን ለመረዳት ነገረ መለኮት መማር አያስፈልግም፤ ሰካራም አባት ያለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ዘጸአት 20 ላይ ያው ቃል ሲነገር «ለሚጠሉኝ» የሚል ተጨምሮበታል። አባቱ የሄደበትን መንገድ ያልተከተለ ልጅ እዚያ ውስጥ አልተቆጠረም።

ቃሉ በተግባር ሲሠራ ማየት ከፈለግሽ ዘኍልቍ 14ን ክፈቺ። እኔ ከሁሉ የምወደው ቦታ እሱ ነው። ሕዝቡ ሰላዮቹን ሰምቶ ወደ ግብፅ እንመለስ ብሎ አመፀ። እግዚአብሔር ላጥፋቸው አለ። ሙሴ ምን አደረገ? ሲና ላይ የሰማውን ቃል መልሶ ለራሱ ለእግዚአብሔር ጠቀሰለት፤ ሦስትና አራት ትውልድ የሚለውን ሳይቀር። አንተ ራስህ እንዲህ ነኝ ብለሃል፤ እንግዲያው ይቅር በል ነው ነገሩ። መልሱም «እንደ ቃልህ ይቅር ብያለሁ» የሚል ሆነ።

ግን እዚያ አላበቃም። ይቅር ከተባለ በኋላ፣ ዕድሜው 20 እና ከዚያ በላይ የሆነ ያ ያጉረመረመ ትውልድ ከካሌብና ከኢያሱ በቀር ምድሪቱን እንደማያይ ተነገረው። ምድሪቱን በሰለሉበት 40 ቀን ልክ 40 ዓመት በምድረ በዳ ይዞራሉ። ልጆቹስ? ልጆቹም አባቶቻቸው ባመጡት ጣጣ 40 ዓመት በበረሃ እረኛ ይሆናሉ ይላል። ቀጥሎ ግን ምድሪቱን የሚወርሱት እነዚያው ልጆች ናቸው። «የጠላት ምርኮ ይሆናሉ» ብለው ወላጆቻቸው የፈሩላቸው ልጆች ገቡ።

የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ መጣ ማለት ይህ ነው። ልጆቹ የበረሃውን ፀሐይ ተካፈሉ። ፍርዱን ግን አልተካፈሉም። መዘዝና ፍርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አክስትሽ ያቀላቀለችው እነዚህን ነው። የአባትሽ ድርጊት መዘዝ አንቺ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል፦ ከአጎትሽ ልጆች ጋር መኳረፍ፣ በሠርግና በለቅሶ ዓይን ለዓይን አለመተያየት፣ አሁን እንቅልፍ የነሳሽ ኅፍረት። ይህ እውነተኛ ሸክም ነው። የልጅሽን ሕመም እዚህ ላይ መደመር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። ዘዳግም 24 ስለ አባት በደል ልጅ አይገደል፣ ስለ ልጅም በደል አባት አይገደል ይላል። ከዚያ በኋላ ዘመን አለፈ፤ ሕዝቅኤል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ተማርከው ባቢሎን ከወረዱት ጋር ተቀምጦ አንድ ተረት በየሜዳው ሲተረት ይሰማል፦ አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ። ሰዎቹ ለመከራቸው ያገኙት ማብራሪያ ይህ ነበር። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን ሙሉ የተናገረው ይህን ተረት ከአፋቸው ለማስጣል ነው። አያት ጻድቅ፣ ልጅ ቀማኛ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ጻድቅ አድርጎ ሦስት ትውልድ ይደረድራል፤ እያንዳንዱም በራሱ ይቆማል። ሦስተኛው፣ አባቱ የሠራውን ግፍ አይቶ ያልሠራው፣ በአባቱ ኃጢአት አይሞትም። መሬት በግፍ የተወሰደባቸው ቤተሰቦች ልጆች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ምን ይሉ ይሆን እያልሁ አስባለሁ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንግባ፤ ምሕረትና ፍርድ እንዴት ይታረቃሉ ወዳልሽው። ለዚህ ከነነዌ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የዮናስን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዓሣ አንበሪውን ማለቴ ነው። ዮናስ ለምን እንደሸሸ ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። ምክንያቱን የሚናገረው ምዕራፍ 4 ላይ፣ ነነዌ ንስሐ ገብታ ከዳነች በኋላ ነው። «መሐሪና ታጋሽ፣ ቸርነትህም የበዛ፣ ከክፉው ነገር የምትመለስ እንደሆንህ አውቄ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ተርሴስ ሸሸሁ» ይላል። ያውም ተቆጥቶ፣ ግደለኝ እያለ። ሙሴ ለልመና የተጠቀመበትን ቃል ዮናስ ለክስ ተጠቀመበት። መሐሪነትህ አናደደኝ ነው የሚለው። ስለ በደለኛው የሚናገረውን ሁለተኛውን ክፍል ሳይጠቅስ መተዉንም ልብ በይ።

ዮናስ ላይ ለመሳቅ አትቸኩዪ። ነነዌ የአሦር ታላቅ ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ሞሱል ከተማ አጠገብ ይገኛል። አሦራውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ሰማርያን ጥለው ሕዝቧን አፍልሰዋል። በ701 ደግሞ ንጉሣቸው ሰናክሬም የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ወረረ። ሰናክሬም ይህን ድሉን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾታል፤ ቅርጹ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። ሰዎች ራቁታቸውን እንጨት ላይ ተሰክተዋል። ሌሎች መሬት ላይ ተወጥረው ቆዳቸው ይገፈፋል። ቤተሰቦች ዕቃቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው ይሰደዳሉ። ይህን አስቀርጾ እንግዳ የሚቀበልበት ቤት ያኖረ መንግሥት ነው። ዮናስ ከዚህ ሁሉ በፊት በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን የነበረ ነቢይ ነው፤ መጽሐፉን የሚያነበው እስራኤላዊ ግን ነነዌ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ይህ ነው። «ይቅር ተባሉ» ሲባል «የእኛስ ደም?» ቢል ይፈረድበታል?

መጽሐፉ የሚያልቀው በጥያቄ ነው። ዮናስ ጥላ ለሆነችው ቅል አዘነ፤ እግዚአብሔርም ቀኝና ግራቸውን የማያውቁ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ላሉባት ለነነዌ እኔስ አላዝንምን አለው። የዮናስ መልስ አልተጻፈም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ምሕረት ፍርድን ዋጠው ባልን ነበር። ግን ስለ ነነዌ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ናሆም። ብዙ ሰው አያነበውም፤ ሲነበብም ደም ደም ይላል። ናሆም ሲጀምር ያንኑ የሲና ቃል ያነሣል፤ የሚያነሣው ግን ዮናስ የተወውን ነው። እግዚአብሔር ታጋሽ ነው፣ ኃይሉም ታላቅ ነው፣ በደለኛውንም ሳይቀጣ አይተውም ይላል። ከዚያ «ወዮ ለደም ከተማ» እያለ የነነዌን መውደቅ ይናገራል። ነነዌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 በባቢሎናውያንና በሜዶን እጅ ወደቀች። የናሆምም መጽሐፍ የሚያልቀው ለአሦር ንጉሥ በቀረበ ጥያቄ ነው፦ ክፋትህ ያልደረሰበት ማን አለ?

አንድ ከተማ፣ አንድ የሲና ቃል፣ ሁለት መጽሐፍ። በግሪኩ የመጻሕፍት ቅደም ተከተል ናሆም ወዲያው ከዮናስ ቀጥሎ ይመጣል፤ አንባቢው ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያነባቸዋል። የዮናስ መጨረሻ ስለ ከተማይቱ ሕፃናት ይጠይቃል። የናሆም መጨረሻ ከተማይቱ ስለረገጠቻቸው ይጠይቃል። ሁለቱም ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳሉ ተትተዋል፤ ማንም አንዱን ለሌላው ሲል አላወጣውም። ምሕረትና ፍርድ ይጋጫሉ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው እግዚአብሔር ውስጥ ሁለት ስሜት እየተጋፋ እንደሆነ ነው። ነነዌ ላይ የምናየው ግን ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ጥፋተኛውና ጥፋተኛው የበደለው። ምሕረት ስለ መጀመሪያው ይጠይቃል፣ ፍርድ ስለ ሁለተኛው። እግዚአብሔር የሁለቱም አምላክ ስለሆነ አንዱን ዝም ማሰኘት አይችልም። እኔ በበኩሌ ነገሩን የማየው እንዲህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም 14 ቀን አስቀድማ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጾመ ነነዌን ትጾማለች። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ለነነዌ 40 ቀን ይሰጣል፣ የግሪኩ ትርጉም ደግሞ ሦስት። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ የምንጾመው የነቢዩን ጾም አይደለም፣ የደም ከተማዋን ነው። ሦስት ቀን የምንቀመጠው በበዳዮች ወንበር ላይ ነው።

አንዳንዱ ሰው ችግሩን ቶሎ ይፈታዋል፤ የብሉይ አምላክ ቁጡ፣ የሐዲስ አምላክ መሐሪ ብሎ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዘመን ማርቅያን የሚባል ሰው ሁለት አምላክ ናቸው ብሎ አስተምሮ ቤተ ክርስቲያን አውግዛዋለች። ለማፍረስም አይከብድም፤ ነነዌን የማረው የብሉይ አምላክ ነው፣ አሥር ሺህ መክሊት የተተወለት ባሪያ ጓደኛውን በመቶ ዲናር አንቆ ሲገኝ ምሕረቱ የተነሣበትን ምሳሌ የተናገረው ደግሞ ኢየሱስ ነው።

አንድ ከባድ ቦታ ግን ሳልነካ ባልፍ አታምኚኝም። 2ኛ ሳሙኤል 12። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን አስገደለ። ነቢዩ ናታን ስለ ድሃው ሰውና ስለ አንዲት በጉ ነገረው፤ ዳዊትም ሞት ይገባዋል፣ በጊቱንም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» ተባለ። ዳዊት በደልሁ ሲል ወዲያው «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም» ተባለ። ቀጥሎ ግን የተወለደው ሕፃን ሞተ። ይህን ማለስለስ አልችልም። ሕፃኑ ምን አጠፋ ብለሽ ብትጠይቂኝ ምንም ነው መልሴ፤ ጽሑፉም አጠፋ አይልም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ ያንን የተናገረው ተልኮ የመጣ ነቢይ ነው፣ ያውም ለገዳዩ ለራሱ፣ ፊት ለፊት። አክስትሽ ናታን አይደለችም፤ አንቺም ዳዊት አይደለሽም። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ይህን እንደ አንድ ቤት ታሪክ ይተርከዋል እንጂ የታመመ ልጅ ባየን ቁጥር የምናወጣው ደንብ አላደረገውም።

ደንብ ለማድረግ የሞከሩት የኢዮብ ወዳጆች ናቸው። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ኢዮብ ታሟል፣ ስለዚህ አንድ ነገር አጥፍቷል፤ ልጆቹም የሞቱት ቢበድሉ ነው አሉ። አነጋገራቸው ያምራል፣ አንዳንዱን ጥቅስ ዛሬም በየግድግዳው ሰቅለነዋል። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። አክስትሽን በዚህ ኑሮ ወይፈን አምጪ አልላትም፤ ምዕራፍ 42ን ግን ብታነቢላት ጥሩ ነው።

ዮሐንስ 9 ላይም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የአክስትሽን ጥያቄ ጠየቁ፦ ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አለ። ማርቆስ 9 ላይ ደግሞ ልክ እንደ ልጅሽ የሚወድቅ፣ አረፋ የሚደፍቅ ልጅ ይዞ አንድ አባት መጣ። ታሪኩ ስለ ርኩስ መንፈስ ይናገራል፤ ያንን አልሸሽግም። ኢየሱስ አባትየውን የጠየቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ ይህ ከያዘው ስንት ጊዜ ሆነው? «ከሕፃንነቱ ጀምሮ» አለ። ስለ አያቱ አልተጠየቀም። ስለ ኃጢአቱም አልተጠየቀም። ልጁም ዳነ።

እንግዲህ ልጅሽን ከዚህ ክርክር አውጪው። የሚጥል በሽታ በመድኃኒት የሚታከም የአንጎል ሕመም ነው። ጠበል ብትወስጂው እኔ አልቃወምም፤ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም እንዳታቋርጪ፣ በድንገት ማቆም ሕመሙን ያባብሰዋል።

የቀረው መሬቱ ነው። እስካሁን ስላንቺና ስለ ልጅሽ ስናወራ የአጎትሽን ልጆች ረስተናቸው ነበር፤ የናሆም ጥያቄ የእነሱ ነው። አገራችን ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቀዋል። ደም የተቃቡ ሲታረቁ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ሽማግሌው ግን ድንጋዩን አይቶ ብቻ ተቃቀፉ አይልም። ካሳ ይቆረጣል። ካሳ የሌለበት እርቅ ለተበደለው ዳግመኛ በደል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ሮሜ 3 ላይ እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን ሲያጸድቅ ራሱም ጻድቅ ሆኖ እንዲገኝ ብሎ የመስቀሉን ነገር ሲያብራራ የሚጨነቀው ስለዚሁ ነው፤ ይቅርታው በደሉን ከንቱ እንዳያደርገው።

ዘሌዋውያን 6 ስለ አባትሽ የተጻፈ ይመስላል። ባልንጀራውን ያታለለ፣ የቀማ፣ በሐሰት የማለ ሰው መጀመሪያ የወሰደውን ይመልሳል፣ አንድ አምስተኛም ይጨምርበታል፤ መሥዋዕቱ ከዚያ በኋላ ይቀርባል። ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ አለ። ይህን የማነሣው ብትመልሺ ልጅሽ ይድናል ለማለት አይደለም፤ እንደሱ የሚልሽ ካለ አትስሚው፣ ንግድ ነው። መሬቱ የሚመለሰው የሰው ስለሆነ ነው፤ ልጅሽ ነገ ቢድንም ባይድንም።

አድራጎቱን በተመለከተ መጀመሪያ የይዞታ ደብተሩ ዛሬ በማን ስም እንደሆነ አጣሪ። ያንቺ ድርሻ ብቻ ስላልሆነ እናትሽንና ወንድሞችሽን አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ይላካል። መሬቱን መመለስ ካልተቻለ በሽማግሌ ግምት በገንዘብም ይሆናል። ወንድሞችሽ እምቢ ካሉ ያንቺን ድርሻ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። የአጎትሽ ልጆች በር ላይ ስትደርሺ የልጅሽን ሕመም አታንሺ፤ የሄድሽው ስለ እነሱ ነው።